ከ14 ወር በኋላ፦ ለታኮማዬ ያሠራሁት ባለ ሁለት ክፍል የኋላ ሻፍት

መኪናዬ የ2011 ቶዮታ ታኮማ ፕሪራነር ናት። ደብል ጋቢና፣ ባለ 4.0 ሊትር ቪ6፣ በኋላ ጎማ ብቻ የምትሄድ። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ታመላልሰኛለች፤ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ጂን ደረቅ ሐይቅ ወይም ወደ ፕሪም በረሃ ይዣት እወጣለሁ። በ1968 የተጀመረው ሚንት 400 የሚባለው የበረሃ ውድድር የሚካሄደው በዚሁ አካባቢ ስለሆነ መሬቱ ምን እንደሚመስል ገምቱት። ድንጋይ፣ ጉድባ፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ።

ሰስፔንሽኑን ካስቀየርኩ በኋላ የኋላው አክሰል ከላይ እስከ ታች 16 ኢንች ይሄዳል። ያኔ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ባሌስትራና ስለ አሞርዛተር ነበር። ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ ጋር ስለሚያገናኘው ሻፍት ያነሳልኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። በኋላ ግን ከሁሉም በላይ ያስለፋኝ እሱ ሆነ።

መጀመሪያ አንድ ጋራዥ ወጥ የሆነ ሻፍት ሠራልኝ። 62 ኢንች ርዝመት፣ ባለ 3 ኢንች የብረት ቱቦ። መሃል ላይ የሚይዘውን ኩሽኔታ አውጥተው ጣሉት፤ "አንድ የሚበላሽ ነገር ቀነስንልህ" አሉኝ። አባባሉ ልክ መስሎኝ ነበር። በረሃው ላይ ቀስ ብዬ ስነዳ ምንም አላለም። አይ-15 አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 70 ማይል ስገባ ግን ወለሉ መንዘር ጀመረ፤ 75 ላይ መስታወቱ ውስጥ የኋላው መኪና ሁለት ሆኖ ይታየኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ባላንስ አስደረግኩት፤ ለውጥ የለም።

ነገሩ የባላንስ ጉዳይ አልነበረም። ረጅምና ቀጭን ሸምበቆ ሁለት ጫፉን ይዛችሁ በፍጥነት ብታሽከረክሩት መሃሉ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ ሻፍትም እንደዚያው ነው። ባለ 33 ኢንች ጎማና 4.88 ዲፈረንሻል (ሻፍቱ 4.88 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ የሚዞርበት) ይዤ በ75 ማይል ስሄድ ሻፍቱ በደቂቃ 3,700 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የእኔ ቱቦ የሚጎብጥበት ፍጥነት በወረቀት ሲሰላ 5,000 አካባቢ ነው፤ ግን ለጥንቃቄ ከዚያ ሩቡን ቀንሶ መቆየት ያስፈልጋል። ይህ 3,750 ይመጣል። በሌላ አነጋገር በየቀኑ ገደቡ ጫፍ ላይ ነበርኩ፤ ሻፍቱ እንዲረዝምና እንዲያጥር ብለው የገጠሙለት ረጅም የመንሸራተቻ ጥርስ ደግሞ ትንሽ ይላላል፣ እሱም ይጨመርበት። ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ርዝመት ነው፦ ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ ይህ ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል። ቱቦውን ማወፈርም ይረዳል፣ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ደግሞ ስሩ ቦታ የለም። አሉሚኒየም ክብደት ይቀንሳል እንጂ በዚህ በኩል ከብረት ብዙ አይለይም፣ ድንጋይ ሲመታውም ቶሎ ይጎደጉዳል። ካርቦን ፋይበሩ በፍጥነት በኩል ይሻላል፤ እኔ ግን በዚያ ድንጋይ መሃል አላምነውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ኤፍኤስአር (የኢሱዙ የጭነት መኪና) ስር ተኝቶ የሠራ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ረጅም የጭነት መኪና ሻፍቱ የሚከፈለውና መሃሉ ላይ በኩሽኔታ የሚያዘው ለዚህ ነው። እኔም ወደዚያው ተመለስኩ።

አሁን ያለው ሻፍት ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ እዚሁ ላስ ቬጋስ ሌላ ሻፍት ሠሪ ጋ 1,150 ዶላር ከፍዬ ያሠራሁት። ሁለቱን ማወዳደር ለምትፈልጉ ግን ችግሩንም ልንገራችሁ። የኋላው ክፍል አሁን 38 ኢንች ብቻ ስለሆነ አክሰሉ ሲወርድ የሚሠራው አንግል ይከፋል። አክሰሉ 11 ኢንች ሲወርድ ወጥ የሆነው ሻፍት በ10 ዲግሪ ገደማ ነበር የሚያዘነብለው፤ ይሄኛው 17 ይደርሳል። ስለዚህ ክሮቼራውን፣ ማለትም ጫፍና ጫፉ ላይ ያለውን መስቀል፣ በመጠን ቁጥሩ ከ1310 ወደ 1350 አሳደግኩት፤ መስቀሉን የሚይዘው ማቀፊያም ሲታጠፍ እንዳይነካካ ሰፋ ተደርጎ ተቆረጠ። ከዚያም የሚብስ አንግል ያለው ሰው 1410 ይጠይቅ፤ የመስቀሉ ጫፍ ውፍረት ከ1350 ጋር እኩል ሆኖ ወርዱ ስለሚሰፋ የበለጠ ይታጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። መኪናዋ ቆማ ለክቶ ብቻ ሻፍት የሚሠራ ሰው ጋ አትሂዱ። ሁለተኛው ሠሪ ያደረገውን ቆሜ አየሁት፦ አሞርዛተሩን ፈታ፣ ከባሌስትራው ዋናዋን ቅጠል ብቻ አስቀርቶ ሌላውን አወጣ፣ ከዚያ አክሰሉን በክሪክ ከታች እስከ ላይ ሁለት ሁለት ኢንች እያነሳ በየደረጃው ለካ፤ ፒኞኑ፣ ማለትም ሻፍቱ የሚያያዝበት የዲፈረንሻሉ ጥርስ፣ ወዴት እንደሚዞርም አንግል መለኪያ አስጠግቶ ጻፈ። ለምን ሁለቱን ጫፍ ብቻ እንዳልለካ ስጠይቀው ወረቀቱን አሳየኝ። ባሌስትራ ሲዘረጋ ይረዝማል፣ አክሰሉንም ወደ ኋላ ይገፋል፤ ስለዚህ ሻፍቱ ከሁሉ የሚረዝመው ሙሉ በሙሉ ሲወርድም ሲወጣም ሳይሆን መሃል ላይ ነበር። በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ልዩነት 3 ኢንች ከሩብ ወጣ። የመጀመሪያው ጋራዥ የሰጠኝ መንሸራተቻ 2 ኢንች ነበር።

ንዝረቱ ጠፍቷል። ፕሪም ድረስ በ80 ስነዳ ቡናዬ ኩባያው ውስጥ አይንቀጠቀጥም። 11,000 ማይል ሄጄበታለሁ፣ ከዚያ ውስጥ 2,500 ያህሉ በረሃ ነው።

ያልወደድኩት አለ። ኦሪጅናሉ የመሃል ኩሽኔታ በላስቲክ የተያዘ ነበር፤ ይሄኛው በአሉሚኒየም ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ የዲፈረንሻሉ ድምፅ ጋቢና ይገባል። ባለቤቴ ከመጀመሪያው ቀን ነው ያስተዋለችው። በ9ኛው ወር ደግሞ ኩሽኔታው 40 ማይል አካባቢ ማፏጨት ጀመረ። ፈትቼ በጣቴ ሳዞረው እንደ አሸዋ ኮርኮር ይላል፤ ያ የላመ አቧራ ማሸጊያውን አልፎ ገብቷል። 38 ዶላር ከፍዬ ቤቴ በር ላይ በሁለት ሰዓት ቀየርኩት።

ስትፈቱት የሁለቱን ክፍሎች አቀማመጥ በቀለም ምልክት አድርጉ። ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ፈጠን፣ ሁለት ጊዜ ቀዝቀዝ ይላል፤ ያንን የሚያስተካክለው በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቼራ ነው፣ ሁለቱ ከተዛነፉ ግን ይደማመራል። እኔ ያን ቀን ምልክት ሳላደርግ ገጣጠምኩትና 50 ማይል ላይ ነዘረኝ። አዲሱ ኩሽኔታ ተበላሽቷል ብዬ አንድ ሙሉ ቀን አጠፋሁ።

ክሮቼራዎቹ ግራሶ መሙያ ቀዳዳ የሌላቸው ናቸው። ቀዳዳ የሌለው መስቀል ይጠነክራል ብዬ ነው የመረጥኩት፤ እስካሁን አልላላም። መንሸራተቻውን ግን ከእያንዳንዱ የበረሃ ጉዞ በኋላ ግራሶ እሞላዋለሁ። አክሰሉ ከልክ በላይ እንዳይወርድ ማገቻ ቀበቶ አለው፤ የፊተኛው ክፍል ስር ደግሞ የብረት ቀለበት አስበይጃለሁ። ሻፍት ከፊት ቢሰበርና መሬት ቢተክል መኪና ይገለብጣል፤ ያቺን ቀለበት 60 ዶላር አስከፈሉኝ፣ ሳታስገጥሙ አትውጡ።

አንድ ክሮቼራና አንድ ኩሽኔታ ከመፍቻዎቹ ጋር ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከጂን ስመለስ ስሯ ገብቼ ሻፍቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይም ወደ ጎንም ነቀነቅኩት። ከፒኞኑ በኩል ትንሽ ዘይት ላብ ብሏል፤ በዚህ ሳምንት ማሸጊያውን እቀይረዋለሁ።