ከእጅ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ እጅን ከፍ ማድረግ ወይስ በረዶ?

እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 3 ቀናት ይበረታል። ታዲያ የቱ ይሻላል?

ወጪ፦ ከፍ ለማድረግ ሁለት ትራስ ይበቃል። በረዶ ፍሪጅ ይፈልጋል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ የለም።

ቅለት፦ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተይዞ ይነሳል። እጅን ከልብ በላይ ማቆየት ግን የቀን ሙሉ ሥራ ነው፤ ሌሊትም ጭምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንገት ላይ የሚታሰረው ማንጠልጠያ በቂ ይመስለዋል። ማንጠልጠያው ግን አብዛኛውን ጊዜ እጅን ከልብ በታች ነው የሚያስቀምጠው። መዳፍ ከክርን፣ ክርንም ከልብ ከፍ ይበል። ቀለበት ካለ ቶሎ ይውለቅ።

አደጋ፦ በረዶ በቀጥታ ቆዳን ከነካ ይጎዳል፤ በፎጣ ጠቅልሉት። ማደንዘዣው ያልለቀቀው እጅ ቅዝቃዜው አይሰማውም፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ፋሻውም መርጠብ የለበትም። ከፍ ማድረግ ትከሻን ያደርቃል፤ አልፎ አልፎ አንቀሳቅሱት።

ወፍራም ጀሶ ላለው ከፍ ማድረግ ያዋጣዋል፤ ቅዝቃዜው በጀሶው ውስጥ ብዙም አያልፍም። ስስ ፋሻ ላለውና ሕመም ለሚያስቸግረው፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ በረዶ ይጨመርበት። የደም ዝውውር ችግር ያለበት ሰው ሳይጠይቅ በረዶ አይሞክር።

ጣት ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።