ትራይክሎፒር፦ ጉቶ እንዳያቆጠቁጥ የሚቀባው መድኃኒት

ወራሪ ቁጥቋጦን ቆርጦ መተው ትርፉ ድካም ነው፤ ከአንዱ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል። ትራይክሎፒር የተባለው ፀረ አረም መድኃኒት ይህን ይገታል። ሣርን ብዙም ስለማይጎዳ ነባሩ ሣር ቦታውን መልሶ ይይዛል፤ ከሁሉ የምንወድለት ይህን ነው።

በውኃ የሚሟሟው አሚን የተባለው ዓይነት ግንዱ በተቆረጠ በ5 ደቂቃ ውስጥ መቀባት አለበት። ከዘገየ የተቆረጠው ፊት ይደርቅና መድኃኒቱ ወደ ሥር አይወርድም። መሃሉን ማራስ ብክነት ነው፤ የሚወስደው ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ቀጭን እርጥብ ቀለበት ናት። ፊቱ ላይ መጋዝ ብናኝ ካለ መጀመሪያ በብሩሽ ይጠረግ።

ኤስተር የተባለው ሌላው ዓይነት በዘይት ይበጠበጣል፤ ግንዱ ሳይቆረጥም ይሠራል። በሊትር 480 ግራም ትራይክሎፒር ከያዘው 1 እጅ ለ4 እጅ ዘይት ተደባልቆ፣ ውፍረቱ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ግንድ ከመሬት እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ዙሪያውን ይቀባል። አንድ ጎን ከተዘለለ በዚያ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ይተርፋል፤ ማቅለሚያ መጨመሩ የተዘለለውን ያሳያል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም፦ ኤስተሩ በሙቀት ተኖ አጠገቡ ያለውን ነባር ተክል ያቃጥላል፤ ለዓሣም መርዝ ስለሆነ ውኃ ዳር አይቅረብ።