የስትሮክ መድኃኒቶች ሪቪው፦ ከአስታማሚ ወገን

እናቴን ስትሮክ ከመታት ጀምሮ መድኃኒት የምገዛውም የምሰጣትም እኔ ነኝ፣ ሰው ስለ ስልክና ስለ ጫማ ሪቪው ይጽፋል ስለ ኪኒን ግን ብዙም አላየሁም፣ ሐኪም እንዳልሆንኩ እያወቃችሁ አንብቡኝ።

አስፕሪን 81 ሚሊግራም፣ ከመድኃኒት ላስቲኳ ውስጥ ርካሹ እሱ ነው፣ ስራው ግን ትልቅ፣ ደም እንዳይረጋ ነው። ቀለል ላለ ስትሮክ መጀመሪያ ላይ ከክሎፒዶግሬል 75 ጋር (እሱም ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ነው) ደርበው ያዛሉ፣ ብዙ ጊዜ ለ21 ቀን፣ ከዛ አንዱ ብቻ ይቀጥላል። ጨጓራ ስለሚነካ ምግብ ቀምሳ ነው የምትወስደው፣ ለጨጓራዋ ብላችሁ ግን ኦሜፕራዞል ዝም ብላችሁ እንዳትገዙ ክሎፒዶግሬሉን ያዳክመዋል፣ ጠይቁ። ደግሞ ይሄ ሁሉ ደም ረግቶ ለመጣ ስትሮክ ነው፣ ደም ፈሶ ከሆነ ሌላ ነው፣ ሲቲ ስካን ሳይነሱ "የጎረቤታችን አባት የሚወስደው ነው" ብሎ መጀመር የለም በቃ።

የኮሌስትሮሉ ኪኒን አቶርቫስታቲን ላይ ከእማዬ ጋር ሁሌ ጭቅጭቅ ነው፣ "ጮማ የት አግኝቼ ነው ኮሌስትሮል የሚኖረኝ" ብላ ጾሙን ትቆጥርልኛለች። ምንም ስለማይሰማት ነው፣ እሱ የሚሰራው ሁለተኛ ስትሮክ እንዳይመጣ ነው፣ ያልመጣ ነገር ደግሞ አይታይም።

አምሎዲፒን ግፊቷን አሪፍ አድርጎ አወረደው፣ ቁርጭምጭሚቷን ግን አሳበጠው፣ ማታ ካልሲ ስታወልቅ የላስቲኩ ቦታ ዙሪያውን ሰርጉዶ ይቀራል። ሐኪሟ መጠኑን ቀንሶ ሌላ ጨመረላት።

ባክሎፌን፣ የተኮማተረ ጡንቻ የሚያላላው፣ ለውጡ በአይን የሚታየው ይሄ ነው። ግራ እጇ ጭብጥ ብሎ ጥፍሯ መዳፏን ይወጋት ነበር፣ አሁን ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፍቼ ጥፍሯን እቆርጥላታለሁ። ችግሩ እንቅልፍ ነው፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ሲመጣ እሷ ታንኮራፋለች፣ ሐኪሟን አማክረን ሰዓቱን ቀየርነው። በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው፣ እና በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፣ የሚጥል በሽታ አይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሰቲን ሲታዘዝላት "እማዬ አእምሮዋ ደህና ነው" ብለው ዘመዶች ተቆጡ። ከስትሮክ በኋላ ድብርት እኮ የታወቀ ነገር ነው፣ እሷም ካለምክንያት ማልቀሷ ቀነሰላት። እጅና እግር ያስነሳል የሚባለውን ግን እርሱት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የፈረንሳይ ጥናት ተስፋ ሰጥቶ ነበር፣ በ2018 ከ3000 በላይ ሰው የተሳተፈበት የእንግሊዝ ጥናት ግን ድብርት ቀንሶ እንቅስቃሴ ላይ ለውጥ አላገኘም፣ የአጥንት ስብራት ጨምሮ አገኘ እንጂ። ስለዚህ መውደቅን ተጠንቀቁ።

አሁን የሚያናድደኝ ሲቲኮሊን። ስሙን የማልጠራው ፋርማሲ "የጭንቅላት ቫይታሚን ነው፣ ቶሎ ያስነሳታል" ብሎ ሊሸጥልኝ ሞከረ፣ ዋጋውን ስሰማ የሌሎቹን ሁሉ ድምር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ትልቁ የአውሮፓ ጥናት ከባዶ ኪኒን የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ውጭ ያላችሁ ዘመዶችም እሱን ከምትልኩ ጥሩ የግፊት መለኪያ ላኩ፣ የክንዱን።

ለመግዛት መጀመሪያ ከነማ ፋርማሲ ጠይቁ፣ እዛ ካለ ዋጋው ይሻላል። አስፕሪንና አምሎዲፒን ብዙም አያስቸግሩም፣ ባክሎፌን ግን "የለም፣ አልቋል" ስለሚበዛበት ጥቂት ፍሬ እስኪቀር አትጠብቁ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ መፈለግ ጀምሩ።