ፉጨተኛው የማዳጋስካር በረሮ ወይስ ዱቢያ?

ሱሉልታ አካባቢ ባለ ቤት በረሮ በመስታወት ሳጥን ለማርባት ካሰባችሁ፣ እኔ የማዳጋስካሩን እመርጣለሁ። ክንፍ የለውም፤ እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሲነኩት በሆዱ ጎን ባሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች አየር ገፍቶ "እስስ" ይላል። ወንዱ ከጭንቅላቱ በላይ ሁለት ጉብታ አለው፤ በእነሱ እየተገፋፋ ከሌላው ጋር ይፋለማል። ቁጭ ብሎ ማየት ነው! ችግሩ፣ መስታወት ላይ ይወጣል። የሳጥኑን ጠርዝ ከውስጥ ቫዝሊን ቀቡት፤ ክዳኑንም አጥብቁ።

ዱቢያ የሚባለው ሌላው የበረሮ ዓይነት ለስላሳ ግድግዳ መውጣት አይችልም፤ ለጀማሪ ይቀላል። ግን ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ይውላል። ብዙዎች የሚያረቡትም ለእንሽላሊት ቀለብ ነው።

ብርድ ሁለቱንም ይጎዳል። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይመቻቸዋል፤ የሱሉልታ ሌሊት ደግሞ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ ታውቃላችሁ። ማሞቂያ ምንጣፍ በሳጥኑ አንድ ጎን ለጥፉ። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልሉት፤ የአየር ቀዳዳውን ግን አትድፈኑ።