መለዋወጫ ከመቀየራቸው በፊት ለሚለኩ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው መኪናዬን በገዛሁበት ወኪል ድርጅት የሰርቪስ ክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥራ ለተሰማሩ አንድ ባለሙያ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ እንዲሁም እንደ እኔ የቅንጦት ኤስዩቪ ገዝተው በብልሽት ለተማረሩ ባለንብረቶች እኚህን ሰው ለመጠቆም ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ። በግል ለሚጠይቀኝ ሰው ግን አድራሻቸውን እሰጣለሁ፤ ለዚህም ፈቅደውልኛል።

መኪናው ሲነዳ ምቾቱ የሚያስደስት፣ ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግስት ግን አልነሳም የሚል ነበር። በሌላ መኪና ባትሪ ሲነሳም የአየር ሰስፔንሽኑ (በሞላ ፈንታ መኪናውን በአየር የሚሸከመው ክፍል)፣ የመሪው፣ የማርሹና የፓርኪንግ ሴንሰሩ የማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንድ ጊዜ ይበራሉ። ጥቂት ተነድቶ ሰርቪስ ክፍሉ ሲደርስ ደግሞ አብዛኞቹ መብራቶች ጠፍተው ይገኛሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ «ችግር አልተገኘም» ተብሎ ሲመለስልኝ፣ ሌላ ጊዜ በስካነሩ (የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ በሚያነበው መሣሪያ) ላይ የወጣው ኮድ የጠቆመው ዕቃ ሲቀየርልኝ ቆየ፤ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ የከፍታ ሴንሰሩ፣ በኋላም የሰስፔንሽኑ ኮምፕረሰር ተቀየረ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ብልሽቱ ዝናብ እስኪመጣ ጠብቆ ይመለሳል። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት መኪና ቤተሰብ ጭኖ ረጅም መንገድ ለመውጣት የማይታመን ሲሆን ምን ያህል እንደሚያሳዝን የደረሰበት ሰው ያውቀዋል።

እኚህ ባለሙያ ሥራውን ሲረከቡ ስካነራቸውን ከመሰካታቸው በፊት ጊዜ ወስደው ጠየቁኝ። ችግሩ የሚብሰው መቼ ነው? መኪናው ከታጠበ በኋላስ ይታያል? ሲቆም አፍንጫው ወደ ዳገት ነው ወይስ ወደ ቁልቁለት? ከዝናብ በኋላ እንደሚብስ በየጊዜው የተናገርኩ ቢሆንም፣ በቀደሙት የሥራ ማዘዣዎች ላይ የተጻፈው «ባትሪ ይወርዳል» የሚል ብቻ መሆኑን ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። ወዲያው በራሳቸው እጅ የእኔን ቃል እንዳለ በማዘዣው ላይ አሰፈሩት። ለመካኒኩ የሚደርሰው ወረቀት ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚያ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ቆሜ ስለተመለከትኩ በዝርዝር ልናገር እችላለሁ። የዚህ ዓይነት መኪና ሞተሩ ጠፍቶ በሩ ከተቆለፈ በኋላ በውስጡ ያሉት የመቆጣጠሪያ ሞዱሎች (ትንንሽ ኮምፒውተሮች) ተራ በተራ «ይተኛሉ»፤ ይህም ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ሁሉም ከተኙ በኋላ ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከ50 ሚሊአምፔር በታች መውረድ አለበት። ባለሙያው በሩንና ኮፈኑን ክፍት እንደተዉ፣ መኪናው ሁሉም ነገር ተዘግቷል ብሎ እንዲተኛ የመቆለፊያዎቹን ምላስ በካቻቢቴ ገፍተው አስቆለፉትና ክላምፕ ሜትሩን (ገመዱ ሳይፈታ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካውን መሣሪያ) በባትሪው ገመድ ላይ አኑረው ጠበቁ። ቁጥሩ ከ3 አምፔር (3,000 ሚሊአምፔር) በታች አልወርድም አለ። ይህ በ12 ሰዓት ውስጥ 36 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 75 አምፔር ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ባትሪው አዲስ ሆኖ ሳለ ስለምን እንደሚወርድ በዚያች ቅጽበት ግልጽ ሆነልኝ።

ቀጥሎ ያደረጉት በተለይ አስደንቆኛል። ብዙዎች ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይፈትሻሉ፤ እርሳቸው ግን ፊውዝ ተነቅሎ ሲመለስ የተኛው ሞዱል ስለሚነቃ፣ የተበላሸውም ለጊዜው ሊስተካከል ስለሚችል ማስረጃው ይጠፋል ብለው አንዱንም አልነቀሉም። በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ጥቃቅን የቮልቴጅ ልዩነት በመልቲሜትር እየለኩ ኤሌክትሪኩ የሚፈስበትን መስመር ለዩ። መስመሩ ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ወዳለ ሞዱል አደረሳቸው። ሞኬቱን ሲያነሱት ላዩ ደረቅ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ግን በእጅ ሲጨመቅ ውኃ አንጠባጠበ። ኮኔክተሩን (የሞዱሉን የሽቦ ማገናኛ) ነቅለው ሲያሳዩኝ ፒኖቹ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍነዋል።

ውኃው የገባው ከጣሪያው መስኮት ነው። በመስኮቱ ዙሪያ የሚጠራቀመው ዝናብ በማዕዘኖቹ በኩል በቀጫጭን ቱቦዎች ወርዶ ከመኪናው ውጭ እንዲፈስ የተሠራ ሲሆን፣ አንደኛው ቱቦ በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ ኖሯል። ይህንንም በግምት አልተናገሩትም፤ በቦዩ ላይ ቀስ እያሉ ውኃ አፍስሰው በውጭ እንደማይወጣና በውስጥ እንደሚወርድ በዓይኔ እንዳይ አደረጉ። ቱቦውን በናይለን ክር ጠረጉት። የኮምፕረሰር አየር በኃይል ቢነፋበት ቱቦው ከመጋጠሚያው ወልቆ ጉዳቱ ሊብስ እንደሚችል አስረዱኝ። ከዚያም ስፖንጁን አውጥተው አደረቁ፣ የዛጉትን ፒኖች ቀየሩ፣ ሽቦውን መልሰው ጠቀለሉት። አዲሱ ባትሪ ሲገባ በመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ ሳይመዘገብ መቅረቱንም አግኝተው አስተካከሉ፤ ካልተመዘገበ ኮምፒውተሩ አሮጌው ባትሪ እንዳለ ቆጥሮ ነው የሚሞላው።

ሐቀኝነታቸውን የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው አጋጣሚ በሞላ ፈንታ መኪናውን የሚሸከሙትን የአየር ከረጢቶች ሲያዩ የአንደኛው ከረጢት ላስቲክ በእጥፋቱ ላይ መሰነጣጠቅ መጀመሩን አሳዩኝ። ያን ጊዜ ቢቀየር ኖሮ ያለ ክርክር እከፍል ነበር። እርሳቸው ግን የሳሙና ውኃ ቀብተው አረፋ እንደማይወጣ ካረጋገጡ በኋላ፣ «አሁን አየር አያፈስም፤ በሚቀጥለው ሰርቪስ እንዲታይ በማዘዣው ላይ ጽፌልዎታለሁ» አሉኝ። የለኩትንም ቁጥር ከጥገናው በፊትና በኋላ ጽፈው ሰጡኝ። ኮምፕረሰሩ ያለ ምክንያት መቀየሩን በዚያ ጽሑፍ ለማስረዳት ስለቻልኩ፣ ድርጅቱ ሒሳቡን እንደገና መርምሮ መልሶልኛል። ጉዳዩ ወደ እኚህ ባለሙያ እንዲመራ ላደረጉት የሰርቪስ አማካሪም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ አልፏል፤ መኪናውም ዝናብ ሲወርድበት አድሮ ጠዋት በመጀመሪያው ይነሳል።

ወደ እርሳቸው ለመሄድ የምትፈልጉ ሰዎች አስቀድማችሁ ማወቅ የሚገባችሁ መኪናው ቢያንስ አንድ ሌሊት እርሳቸው ዘንድ ማደር እንዳለበት ነው፤ ተጣድፎ ለሚመጣ ሰው ሥራቸው አይመችም። ከመሄዳችሁ በፊት ኮዱን አታስጠፉ፣ የባትሪውንም ገመድ አትፍቱ፤ ብልሽቱ በተፈጠረበት ሰዓት በኮምፒውተሩ የተመዘገበውን መረጃ ማየት ይፈልጋሉ። የዳሽቦርዱን መብራቶች ፎቶ፣ ቀኑንና የአየሩን ሁኔታ ጽፋችሁ ብትይዙላቸው ሥራቸውን በእጅጉ ታቀሉላቸዋላችሁ።