ከባድ ቀይ ወይን በባሕር ዳር፦ ጣዕሙና ሂሳቡ

የአልኮል መጠኑ ከ14 በመቶ የማያንስ ቀይ ወይን ጠጅ ባሕር ዳር ላይ ማዘዝ ለወጪው ይመጥናል ወይ ተብዬ ብጠየቅ፣ ይመጥናል፤ ግን እንደሚቀርብበት ሁኔታ ነው እላለሁ። ሰሞኑን ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ከወዳጆቼ ጋር ተቀምጠን የጣሊያን አማሮኔ፣ ከዚያው አገር ደቡብ የመጣ ፕሪሚቲቮ እና የዝዋዩን ሪፍት ቫሊ ካበርኔ ሶቪኞን ጎን ለጎን ቀምሰናል።

አማሮኔ በሰሜን ጣሊያን፣ በቫልፖሊቼላ የሚሠራ ወይን ጠጅ ነው። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ለወራት ተሰጥቶ እንዲጠወልግ ስለሚደረግ ውሃው ቀንሶ ስኳሩ ይበረታል፤ እርሾው የሚያብላላው ስኳር በበዛ መጠን ደግሞ አልኮሉ ስለሚጨምር፣ በአገሩ ደንብ ከ14 በመቶ በታች የሆነ ወይን ጠጅ አማሮኔ ሊባል አይችልም። ለአንድ ጠርሙስ የሚገባው ፍሬ ከተለመደው ወይን ጠጅ እጅግ የበለጠ በመሆኑ ውድነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የከፈትነው 15.5 በመቶ ነበር።

አስተናጋጁ ጠርሙሱን ያነሣው ከቡና ማሽኑ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጉንጭ የተሰማን የስፒሪቱ ሽታና የጉሮሮ ማቃጠል ብቻ ነበር። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል የሚባለው ለቀዝቃዛ አገር ቤቶች እንጂ ለባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ጥቂት ካቆየነው በኋላ ግን ማቃጠሉ በረደ፤ የዘቢብና የመራራ ቸኮሌት ጣዕሙም ተገለጠ። ደብረ ማርቆስ ላይ ቢሆን፣ ከተማው ደጋ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ።

ፕሪሚቲቮው ጣፋጭነት ያደላበት፣ ለመጠጣት የቀለለ ነው፤ የካሊፎርኒያው ዚንፋንዴል ከዚሁ የወይን ዝርያ የሚጠመቅ መሆኑን ማወቅ ለምርጫ ይረዳል። ከምግብ ጋር ግን ሁለቱም አስቸግረውናል፤ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ስለሚያባብስ አዋዜ የበዛበት ጥብስ ሲመጣ አፋችን ነደደ፣ ከጣና ዓሣ ጋር ደግሞ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ተዉ። ከማዕዱ ጋር በተሻለ የተስማማው የዝዋዩ ወይን ነበር።

ወጪውን በተመለከተ፣ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዙ አምስት ብርጭቆዎች ይሞላል፤ ሆቴሉ ግን አንዱን ብርጭቆ በጠርሙሱ ዋጋ ሩብ ስለሚሸጥ፣ ለሁለት ለሚጠጡ ሰዎች ጠርሙሱን መግዛት ያዋጣል። በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋም የመጨረሻው አይደለም፤ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያም ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት ሂሳቡ 26.5 በመቶ ይጨምራል፣ ይህም በደቃቅ ፊደል ከገጹ ግርጌ ነው የሰፈረው። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ጠርሙስ በዋዛ የሚታዘዝ አልሆነም። ስለዚህ ለዘወትር ማዕድ ሪፍት ቫሊን፣ ለበዓል ደግሞ ለአራት ሰው አንድ አማሮኔ እመርጣለሁ፤ ከመቶ 15.5ቱ አልኮል ማለት በአንድ ጠርሙስ 116 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል ነውና ከዚያ በላይ መጠጣት አያሻም። የተረፈው በቡሹ ተዘግቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ አስተናጋጁም ስንጠይቀው ሳያንገራግር ጠቅልሎ ሰጥቶናል።