ዳኑብ ወይስ ናይል? ከወሎ ተነስቶ የወንዝ መርከብ ጉዞ ለሚገዛ ሰው

«እናትና አባቴን በመርከብ ላንሸራሽራቸው፤ የቱን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ዐረብ አገርና አሜሪካ ካሉ የወሎ ልጆችም ደጋግሞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ለምርጫ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው፦ ማስታወቂያው የማያልቀው የቫይኪንግ ኩባንያ መርከብ በአውሮፓው ዳኑብ ወንዝ ላይ፣ እና ግብጽ ውስጥ ከሉክሶር አስዋን የሚሄደው የናይል መርከብ። ተጓዡ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ከወሎ የሚነሳ ከሆነ ናይልን ይግዛ። ምክንያቱ ከዋጋው ይጀምራል።

ቫይኪንግ ጀርመን ካለችው ሬገንስቡርግ እስከ ሃንጋሪዋ ቡዳፔስት የሚሄደው ጉዞ 7 ሌሊት ነው። ለአንድ ሰው የታችኛው ፎቅ ክፍል በቅናሽ ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ዶላር አካባቢ ይጠየቅበታል፤ በረንዳ ያለው ክፍል ከ4,000 ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው። ይህ አውሮፕላኑን ሳይጨምር ነው። ቲፕ በቀን ለአንድ ሰው ከ15 እስከ 20 ዩሮ ይጠበቃል፤ ለባልና ሚስት በ7 ቀን ከ210 እስከ 280 ዩሮ ይሆናል። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ 90 ዩሮ ነው፤ የማመልከቻ ማዕከሉ ክፍያ ለብቻው ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድንም ይጠየቃል። ቪዛው ቢከለከል 90 ዩሮው አይመለስም።

ትልቁ ኪሳራ ግን የሚመጣው ከቀን አቆጣጠሩ ነው። ኩባንያው ብዙ ጊዜ ሙሉ ክፍያውን ከጉዞው ብዙ ወራት ቀድሞ ይፈልጋል። የሸንገን ቪዛ ደግሞ ለጉዞው 6 ወር ሲቀረው እንጂ ከዚያ ቀድሞ ማመልከት አይቻልም። ስለዚህ ገንዘቡ የሚወጣው ቪዛው ሳይታወቅ ነው። ከተከለከላችሁ የመሰረዣ ቅጣቱ መነሻው ቀን በቀረበ ቁጥር እየጨመረ፣ መጨረሻ ላይ የከፈላችሁትን በሙሉ ይወስዳል፤ ብዙ የጉዞ መድኖች ደግሞ የቪዛ መከልከልን አይሸፍኑም። ጉዞው ከቡዳፔስት አልፎ የሰርቢያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ የሚደርስ ከሆነ፣ ሰርቢያ ከሸንገን ውጭ ስለሆነች፣ ለመመለስ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ መሆኑን አረጋግጡ።

ቫይኪንግ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። 135 ሜትር ርዝመት ያለው መርከብ ላይ 190 ሰው ብቻ ይጫናል፤ በየከተማው አንድ ጉብኝት ዋጋው ውስጥ አለ፤ ንጽሕናው የሚታማ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች አይሳፈርም፤ የልጅ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ሌላው ውሃው ነው። ከሬገንስቡርግ ወደ ፓሳው ሲኬድ ከሽትራውቢንግ እስከ ፊልስሆፈን ያለው የወንዙ ክፍል ውሃውን የሚይዝለት ግድብ የለውም። በድርቅ ጊዜ መርከብ አያሳልፍም፤ በ2018 እና በ2022 በአውሮፓ ወንዞች ላይ የታየው ይኸው ነው። ያኔ ተሳፋሪው በአውቶቡስ ይጓዛል ወይም መንገድ ላይ ሌላ መርከብ ይቀይራል፤ ውሉም ይህን ለኩባንያው ይፈቅዳል። በ4,000 ዶላር አውቶቡስ መሳፈር ለማንም የሚመከር አይደለም።

ናይል ላይ ይህ ችግር የለም። ከሉክሶር እስከ አስዋን ያለው ውሃ በ1970 ተሠርቶ ባለቀው የአስዋን ታላቁ ግድብ ይለቀቃል፤ ከመቅደላ ሥር የሚያልፈው የበሽሎ ውሃም ዓባይን ተቀላቅሎ የሚደርሰው እዚያ ነው። መርከቡ የሚዘገየው በሉክሶርና በአስዋን መካከል ባለችው ኤስና ላይ ነው፤ እዚያ ባለው ግድብ መርከቦች በየተራ በበር ገብተው ውሃ እየተሞላ ከፍ ይላሉ፤ ወረፋው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

ዋጋው ሰፊ ነው። የ4 ሌሊት ባለ አምስት ኮከብ መርከብ ምግብና አስጎብኚ ጨምሮ ለአንድ ሰው ከ400 እስከ 900 ዶላር አካባቢ ይገኛል። የግብጹን ቪዛ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አስቀድሞ ከኤምባሲ ይወስዳል፤ ቪዛው እስኪወጣ ቀብድ ብቻ የሚቀበል ወኪል ማግኘት ግን ከባድ አይደለም። ቪዛው ቢከለከልም የምትከስሩት ቀብዱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አስመሳዮቹ። የግብጽ «አምስት ኮከብ» የሚሰጠው እዚያው አገር ውስጥ ነው፤ 30 ዓመት ያረጀ መርከብም ይይዘዋል። በቴሌግራም የሚዞረው ማስታወቂያ የአዲስ መርከብ ፎቶ ለጥፎ ከታች በትንሽ ፊደል «ወይም ተመሳሳይ» ይላል። ሉክሶር ስትደርሱ የምትሳፈሩት ያንን ተመሳሳይ የተባለውን ነው። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፦ መታጠቢያ ቤቱ በወለሉ ቱቦ በኩል የፍሳሽ ሽታ ይመልሳል፣ ቧንቧው መጀመሪያ ቡናማ ውሃ ያወጣል፣ ከኋላ ያለው ክፍል ሌሊቱን ሙሉ በጀኔሬተር ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የመርከቡን ስም፣ የክፍሉን ፎቅና የመነሻውን ቀን በጽሑፍ ሳትይዙ ብር አትላኩ። ስሙን ከያዛችሁ በኋላ ተሳፋሪዎች ራሳቸው ያነሷቸውን የቅርብ ወራት ፎቶዎች ፈልጉ፤ ከሳሎኑ ይልቅ መታጠቢያ ቤቱን እዩ። ከላይኛው ወይም ከመካከለኛው ፎቅ፣ ከመርከቡ መካከል ያለ ክፍል ጠይቁ። ወደብ ላይ አራት አምስት መርከብ ጎን ለጎን ስለሚታሰር የታችኛው ክፍል መስኮት የሚያሳየው የጎረቤቱን መጋረጃ ነው፤ የጀኔሬተሩም ጭስ ይገባል።

ጉልበቱ ለሚያስቸግረው ሽማግሌ ትልቁ መርከብ ይሻላል፤ ግን ሊፍት ያለው መሆኑን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ የላቸውም። እግሩ ጤነኛ ለሆነ ሰው ምርጫው ዳሃቢያ ነው። ሁለት ሸራ ያላት፣ ከአምስት እስከ አስር ክፍል ያላት ጀልባ ናት፤ ከኤስና ስለምትነሳ የግድቡን ወረፋ አታውቀውም፤ ትልልቆቹ የማይቆሙበት ገበል ኤልሲልሲላ በተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ማውጫ ትቆማለች። ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር አካባቢ ትጠየቃላችሁ፤ ያወጡባት አያስቆጭም። ነፋሱ ከሰሜን ስለሚነፍስ በሸራ የምትሄደው ወደ ደቡብ ነው፤ ከኤስና ወደ አስዋን ያለውን ግዙ። ከአስዋን ወደ ኤስና የሚሸጥላችሁ ከሆነ አብዛኛውን መንገድ በጎታች ጀልባ ነው የምትሄዱት። አስመሳይም አላት፦ ስሟ ዳሃቢያ፣ ሆዷ ውስጥ የናፍጣ ሞተር፣ ሸራዋ ለጌጥ። «የራሷ ሞተር አላት ወይስ ሌላ ጀልባ ይጎትታታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እውነተኛዋ ነፋስ ሲጠፋ ትጎተታለች።

ምግቡ ለወሎ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ማዕድ ላይ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይቀመጣልና። ናይል ላይ ሥጋው ሐላል ነው። የሚጾም ካለ ሲመዘገብ «ሲያሚ» ይበል፤ የኮፕቶች የጾም ምግብ ነው፣ ወጥ ቤቱ ያውቀዋል። ዳኑብ ላይ ሁለቱንም ከሳምንታት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከዐረብ አገር የተመለሰች እኅት ወይም ወንድም አብሮ ካለ ደግሞ ቤተ መቅደሷን ለማየት መርከቡ በሚቆምባት ኤድፉ ከጋሪ ነጂው ጋር የሚነሳው የዋጋ ክርክር በዐረብኛ ቶሎ ያልቃል።

ገንዘብ በጥሬው ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ዋና ዋናዎቹ የግብጽ ቅርሶች መግቢያ የሚከፈለው በካርድ ነው፤ ከባንካችሁ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ አውጡ። የአቡ ሲምበል ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ጉብኝት ብዙ ጊዜ ዋጋው ውስጥ የለም፤ ከአስዋን በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፣ ለብቻው ይከፈላል።

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን። የደሴን ብርድ የለመደ ሰው በሰኔና በሐምሌ ሉክሶር ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ አይችልም። ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ግን ከሁሉ ውድ ነው፤ ከእኛ ገና በኋላ ያለውን ሳምንት ጠይቁ፣ ያው መርከብ ያው ክፍል ረክሶ ታገኙታላችሁ።

ዳኑብ የሚያዋጣው ወላጆቹ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ሲኖራቸው ነው። ያኔም የሐምሌንና የነሐሴን ድርቅ ሸሽታችሁ፣ ከፓሳው ቡዳፔስት ያለውን አጭሩን መንገድ ምረጡ።